ከቤሩት እስከ ቀይ አፈር፦ የጠፋ ፓስፖርት በማን ምስክርነት ይተካል?

ውጭ አገር ፓስፖርቱ የጠፋበት ሰው ቀድሞ የሚያስበው ኤምባሲውን ነው። ማመልከቻው የሚገባው እዚያ ስለሆነ አልተሳሳተም። ነገር ግን ኤምባሲው ብቻውን ሊመልሰው የማይችለው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ አመልካች እኔ እገሌ ነኝ ሲል እውነቱን ነው ወይ? የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው አገር ቤት ነው። አዲስ አበባ ባለው የአሻራ ቋት ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ካልተገኘ ሰውየው ባደገበት ቀበሌ መዝገብ፣ መዝገብም ከሌለ በሽማግሌዎች ምስክርነት ይፈለጋል። ስለ ፓስፖርት መተካት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከኤምባሲ በር ስለሚጀምር ይህ ሰንሰለት ሳይታይ ይቀራል። እኔ ጉዳዩን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከቀይ አፈር ተነሥቼ ልመለከተው እፈልጋለሁ።

ቀይ አፈር በደቡብ ኦሞ ዞን የበና ፀማይ ወረዳ ከተማ ናት። ከኮንሶ ተነሥቶ ወይጦን ተሻግሮ ወደ ጂንካ የሚሄደው መንገድ በእርሷ ያልፋል፤ ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ የሚገነጠለውም ከእርሷ ነው። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃታል። ስለ ስደት ሲወራ ስማቸው የሚነሣው ወሎ፣ ጅማ፣ አርሲ፣ ሐድያና ከምባታ ናቸው እንጂ ደቡብ ኦሞ አይደለም። የመረጥኳትም ስለዚሁ ነው። ብዙ ሰው ከሄደበት አካባቢ የሚወጣ ወጣት ስለ ወረቀት ጠንቅቆ የሚያውቅ ተመላሽ ጎረቤት፣ ሪያድ ወይም ደርባን ያለ የአክስት ልጅ አያጣም። ከቀይ አፈር ወይም ከጂንካ ተነሥታ ለኮንትራት ሥራ የምትሄድ ልጅ ግን ይህ ሁሉ የላትም። ዘመድ የሚሸፍነው ጉድለት ዘመድ በሌለበት ቦታ ፈጥጦ ይታያል።

ደንበኛው አሠራር ውስብስብ አይደለም። ፓስፖርቱ የጠፋበት ሰው ባለበት አገር ፖሊስ አመልክቶ ማስረጃ ይይዛል። የጠፋውን ፓስፖርት ቅጂ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ጉርድ ፎቶ ይዞ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይቀርባል፤ ቅጽ ሞልቶ አሻራ ይሰጣል። ፋይሉ አዲስ አበባ ለሚገኘው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይተላለፋል፣ እዚያ ይጣራል፣ ደብተሩ ታትሞ ተመልሶ ይላካል። የመደበኛው ፓስፖርት ክፍያ በ2016 ዓ.ም. ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የጠፋውን ለመተካት የሚከፈለው ደግሞ ከመደበኛው ይበልጣል። ከዚያ በፊት የነበረውን የደብተር እጥረት ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አገር ውስጥ ያለው አመልካች ወራት ሲጠብቅ ውጭ ያለው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱ እየተቃጠለ ይጠብቅ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዲሱ ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ይፋ ሆኗል፤ ኅትመቱም አገር ውስጥ እንዲሆን ታስቧል። የኅትመት ችግር ግን ከችግሮቹ ሁሉ ቀላሉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ፓስፖርት ጠፋ ተብሎ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ትራስ ሥር ቢገኝ እንኳ መጠቀም አይቻልም። ኢንተርፖል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጠፉና የተሰረቁ የጉዞ ሰነዶች ቋት አለው፤ ቁጥሩ እዚያ የገባ ደብተር የያዘ መንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደ ሌባ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ቤቱን በደንብ ሳይፈትሹ ፖሊስ ዘንድ አለመሮጥ፣ ካመለከቱ በኋላ ደግሞ የተገኘውን አሮጌ ደብተር ለኤምባሲው መመለስ ይበጃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። በመካከለኛው ምሥራቅ በሺህ በሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰው የፓስፖርት መጥፋት አይደለም። ደብተሩ የት እንዳለ ሠራተኛዋ ታውቃለች፤ በአሠሪዋ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ወይም ያስመጣት ኤጀንሲ ቢሮ ነው። የከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚያስር፣ ከፊሉ አሠሪ ፓስፖርቱን መያዝ እንደ ንብረት ማስያዣ ይቆጥረዋል። ሕጎች ይህን ይከለክላሉ። የኳታር የ2015 እ.ኤ.አ. የውጭ ዜጎች ሕግና የኩዌት የዚያው ዓመት የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪው የሠራተኛን ፓስፖርት ያለ ፈቃዱ መያዝ እንደማይችል ይደነግጋሉ። ይሁን እንጂ የቤት ሠራተኛ የምትሠራው ተቆጣጣሪ በማይገባበት ቤት ነው፤ ሕጉን ለመጠቀም መጀመሪያ ከዚያ በር መውጣት አለባት።

ከወጣች ደግሞ ጣጣው ይጀምራል። ሳዑዲ ያሉ ወገኖቻችን ሁሩብ የሚሉት ነገር አለ፤ አሠሪው ሠራተኛዬ ጠፍታለች ብሎ ሲያስመዘግብ ኢቃማዋ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ ዋጋ ያጣል፣ በማንኛውም ፍተሻ ልትያዝ ትችላለች። እንግዲህ ቆንስላው የሚጠይቃት የመጀመሪያ ወረቀት የፖሊስ ማስረጃ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ፓስፖርቴ የለም ብትል የምትታሰረው እርሷ ናት። ማስረጃውን ለማምጣት ነፃነቷን መስጠት አለባት ማለት ነው። አንዳንዷ ይህን ስትፈራ ሰነድ አልባ ሆና በስውር እየሠራች ዓመታት ታሳልፋለች፤ ታምማ ሐኪም ቤት መሄድ፣ ለእናቷ በስሟ ገንዘብ መላክ፣ ልጅ ወልዳ ማስመዝገብ አትችልም።

ቤሩት ይህ ሁሉ በአደባባይ የታየበት ከተማ ሆነ። ኢትዮጵያ ወደ ሊባኖስ የሚደረግ የሥራ ጉዞን በ2008 እ.ኤ.አ. ከልክላ ነበር፤ ሴቶቹ ግን በሌላ አገር በኩል መግባታቸውን አላቆሙም፣ ስለዚህም ብዙዎቹ መንግሥታቸው በማያውቀው መንገድ የሄዱ ነበሩ። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲጨመርበት፣ በግንቦት ማብቂያና በሰኔ 2012 ዓ.ም. አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ሐዝሚየህ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጣሏቸው። ደመወዝ ያልተከፈላቸው፣ ሻንጣ የሌላቸው፣ ብዙዎቹም ፓስፖርት በእጃቸው የሌለ ሴቶች በአስፋልት ላይ አደሩ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 28 ቀን፣ የቤሩት ወደብ ፈነዳ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ አሠሪዎች ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ ሠራተኞቻቸውን ወደ ኋላ የተዉ ነበሩ። ከቦምብ ለመሸሽ የተነሣች ሴት በየኬላው የምታሳየው ወረቀት ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

ሰነድን ከባለቤቱ መለየት ምን እንደሚያደርስ ሱዳንም አሳይታለች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ለቪዛ ኤምባሲዎች ውስጥ የገቡ የብዙ ሱዳናውያን ፓስፖርቶች እዚያው ተቆለፉ፤ የአሜሪካ ኤምባሲ በእጁ የነበሩትን ወደ ሌላ እጅ እንዳይገቡ ብሎ አስወገዳቸው። ባለቤቶቹ ከጦርነት የሚያመልጡበትን ደብተር ያጡት ምንም ሳያጠፉ ነው። ይህን የምጠቅሰው ፓስፖርት የጠፋበትን ሰው ግድየለሽ አድርጎ ማየት በየመሥሪያ ቤቱ ልማድ ስለሆነ ነው። የቅጣት ያህል ከፍ የሚለው የምትክ ክፍያም የሚነሣው ከዚሁ አመለካከት ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ መውጫ ሆኖ የሚቀርበው ሊሴ ፓሴ ነው፤ ፓስፖርት ለሌለው ዜጋ ቆንስላው የሚሰጠው የአንድ ጉዞ ወረቀት። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ከ100,000 በላይ ዜጎች እንዲመለሱ ሲወሰንም ያገለገለው ይኸው ወረቀት ነበር። በጅቡቲና በየመን በኩል ለገቡት አብዛኞቹ ሰነዱ አልጠፋም፤ መጀመሪያም አልነበራቸውም። ሊሴ ፓሴ ሕይወት ያተርፋል፣ ክብር ይገባዋል። ሆኖም ወደ አገር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ሊሴ ፓሴ የወሰደች ሠራተኛ ያልተከፈላትን ደመወዝ፣ የጀመረችውን ክስ፣ ሕጋዊ የመሆን ተስፋዋን ትታ ነው የምትሳፈረው። ሥራዋን መቀጠል የምትፈልገዋ ሴት ግን የሚያስፈልጋት ፓስፖርት ነው፤ ለእርሷ ደግሞ መንገዱ ወደ ቀበሌ ይመልሰናል።

ከቀይ አፈር የሄደች አንዲት ልጅ ቤሩት ሆና ፓስፖርቷ ተወሰደባት እንበል። ቅጂ የላትም። አዲስ አበባ ያለው የአሻራ ቋት ግን ያውቃታል፤ ጣቷን ስታሳርፍ ስሟ ይወጣል። ጥሩ። የሚወጣው ስምና ዕድሜ ግን የማን ነው? ልጅቷ ስትሄድ 16 ዓመቷ ከነበረ፣ ሕጉ ደግሞ 18 የሞላት ብቻ እንድትሄድ ስለሚፈቅድ፣ ደላላው ዓመት ጨምሮላት ይሆናል። ቀበሌ ያለው መዝገብ አንድ ነገር ይላል፣ ቋቱ ሌላ። እውነተኛ ዕድሜዬን ጻፉልኝ ካለች የፍርድ ቤት ውሳኔ ትጠየቃለች፤ የድሮውን ካስቀጠለች ሐሰቱን በራሷ እጅ ታጸድቃለች። ፍርድ ቤት የሚቆምላት ሰው ለመላክ ውክልና መስጠት አለባት፤ ውክልና ለመስጠት ቆንስላው ዘንድ ማንነቷን የሚገልጽ ሰነድ ታሳያለች። ሰነዱ እኮ ነው የጠፋው! በዚህ አዙሪት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ መባከን የሚያስደንቅ አይደለም። ከ2015 እ.ኤ.አ. ኅዳር በፊት ይሠራበት በነበረው በእጅ የተሞላ ደብተር የሄዱት ደግሞ አሻራቸው ቋቱ ውስጥ ላይኖር ስለሚችል መነሻቸው ባዶ ነው።

የስም ነገርም አለ። የእኛ ስም ከግዕዝ ፊደል ወደ ላቲን ሲገለበጥ የአንዱ ጸሐፊ አጻጻፍ ከሌላው አይገጥምም። በአሮጌው ፓስፖርት ላይ በአንድ መልክ የተጻፈ የአባት ስም በአዲሱ አንዲት ፊደል ቢጨመርበት ኢቃማው፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የልጁ የልደት ወረቀት ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናሉ። ደቡብ ኦሞ ላይ ችግሩ ከፊደል ያልፋል። በሐመር አንድ ሰው የልጅነት ስም አለው፣ ኋላም በከብቱ ይጠራል። ጂን ላይዳልና ኢቮ ሽትሬከር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ሐመር ባሳተሙት ሥራ ውስጥ የሕዝቡን ሕይወት የሚተርከው ታላቅ ሰው በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ባልዳምቤ በተባለው በዚሁ የከብት ስሙ ነው። ሽትሬከር ጂንካ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም እንዲመሠረት የደከመ ተመራማሪ ነበርና ያንን ስም በክብር ጻፈው። መታወቂያ የሚሞላው የቀበሌ ሠራተኛ ግን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚል ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያለው። የትኛው ስም እንደሚገባ የሚወሰነው በዚያ ቀን በተቀመጠው ሠራተኛና በአስተርጓሚው ነው፤ ባለመታወቂያው ከ10 ዓመት በኋላ ውጭ አገር ሆኖ የሚጠየቀው ያንኑ ስም ነው።

የልደት ምዝገባችን ወጣት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት ይላል። ምዝገባው ሊጀመር ሲል በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ዛሬ ሪያድ ያለችው የ25 ዓመት ወጣት የተወለደችው ሥርዓቱ ሳይኖር ነው። ከቀይ አፈር ራቅ ብሎ፣ እናት በቤቷ በምትወልድበት የበና ወይም የፀማይ መንደር የተወለደችማ ዕድሜዋ የሚቆጠረው በዝናቡና በወንድሞቿ ነው። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ አሁን አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና ፊትን ከ12 አሃዝ ቁጥር ጋር ስለሚያያይዝ ለወደፊቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ሰው እንዳይሆን ያደርጋል። የትውልድ ዘመንንና ስምን ግን የሚነግረው ተመዝጋቢው ይዞ የመጣው ወረቀት ነው፤ ስሕተቱም አብሮ ይታተማል።

ስለዚህ የምዝገባ ጠረጴዛው ሰው ወዳለበት ቢሄድ እላለሁ። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ሰው የሚገኝበት ቀን የታወቀ ነው፤ ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካና ጂንካ። በናው፣ ፀማዩ፣ አሪውና ሐመሩ ማርና ቅቤ፣ ፍየልና ቅል ይዞ በሚወጣበት ቀን ቋንቋውን የሚናገር መዝጋቢ ገበያው ዳር ቢቀመጥ፣ ቢሮ ከፍቶ ከሚጠብቀው ይልቅ ብዙ ሕፃን ይመዘግባል።

በደቡቡ መስመር፣ በሞያሌ በኩል በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው መንገድ ላይ የሰነድ ማጣት ሌላ ፊት አለው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነው በሕይወት ከተረፉት 14 ሰዎች ነው። ደላላው ፓስፖርት ያለውንም ቢሆን ደብተሩን ይቀበለዋል፣ ወይም ጥለህ ና ይለዋል። ሰነድ በሌለው አስከሬን ላይ የእናትን ስም የሚጽፍ የለም። ስለ ምትክ ፓስፖርት ስንነጋገር ይህን መርሳት ለእኔ ከባድ ነው።

ጥገኝነት የጠየቁት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ለእነርሱ የተለመደው ምክር ሊጎዳቸው ይችላል። የ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት ፈርቶ የሸሸ ሰው በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ ከተመለሰ የስደተኝነት መብቱ ሊቋረጥ እንደሚችል በአንቀጽ 1 ይናገራል፤ ከኤምባሲ ፓስፖርት ማውጣት እንዲህ ያለ መመለስ ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል። ስደተኛ ተብሎ የተመዘገበ ኢትዮጵያዊ የጉዞ ሰነዱ ቢጠፋበት መሄድ ያለበት ወደ ተቀባዩ አገር መሥሪያ ቤት ነው፤ በስምምነቱ አንቀጽ 28 መሠረት ሰነዱን የሚሰጠው እርሱ ነውና። ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ደግሞ ጠበቃውን ሳያማክር ቆንስላ ባይሄድ ይሻላል።

የአሜሪካ ግሪን ካርድ ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ጂንካ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ ካርዱ የጠፋበት ሰው ከአሜሪካ የወጣው ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ከሆነ ቅጽ አይ-131ኤ የተባለውን ሞልቶ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ የመሳፈሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ካርዱን የሚተካው ከተመለሰ በኋላ ነው። ከዓመት በላይ ከቆየ ግን የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ጥያቄ ስለሚሆን ነገሩ ይከብዳል።

ቀይ አፈር ራሷም ሰነድ ይጠፋባታል፤ የእንግዳ ሰነድ። በሐሙስ ገበያ ግርግር ቦርሳው የተወሰደበት ቱሪስት ከወረዳው ፖሊስ በአማርኛ የተጻፈ ማስረጃ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከኤምባሲው የአስቸኳይ ጉዞ ሰነድ ይወስዳል፣ ከኢሚግሬሽን የመውጫ ጉዳዩን ያስጨርሳል። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ከሆነና አገሩ እዚህ ኤምባሲ ከሌላት በሌላዋ አባል አገር ኤምባሲ የመስተናገድ መብት አለው። በዚሁ ዞን ኦሞራቴ ላይ ያለው ኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤት ወንዙን ተሻግሮ የዳሰነችን መንደር ሊያይ የመጣውን ፈረንጅ ፓስፖርት ሲመዘግብ፣ የዳሰነች እረኛ ግን ከብቱን እየነዳ ኬንያ ውስጥ ወዳለችው ኢለሬት የሚሻገረው ማንም ማን ነህ ሳይለው ነው። እንግዳው ምትኩን በቀናት የሚያገኘው ኤምባሲው ስለጠነከረለት ብቻ አይደለም፤ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ በአገሩ መዝገብ ላይ በአንድ ስምና በአንድ ቀን ስላለ ነው።

የእኛ መዝገብ እንዲህ እስኪስተካከል ድረስ የሚሄድ ሰው ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነገር አለ። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ፣ ቪዛውን፣ የኮንትራቱን ሁሉንም ገጽ፣ የልደት ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ለእናቱም ለወንድሙም በቴሌግራም መላክ፤ ወረቀቱንም አትሞ አገር ቤት ማስቀመጥ። ከመሄዱ በፊት በጂንካ ወይም በአዲስ አበባ ለሚያምነው ሰው ውክልና ሰጥቶ መሄድ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ጥበቃ ነው፤ ቤሩት ላይ የማይገኘው ውክልና እዚህ በአንድ ቀን ያልቃልና።

ቆንስላዎቻችን በበኩላቸው ለተያዘ ፓስፖርት የተለየ ማመልከቻ ሊኖራቸው ይገባል። በአሠሪዬ ተይዞብኛል የምትል ሠራተኛ የፖሊስ ማስረጃ ሳትጠየቅ የአሠሪዋንና የኤጀንሲዋን ስም ተናግራ አሻራዋ ከቋቱ ጋር ከገጠመ ምትኩ ይሰጣት። ወረዳ ማጣራት ካስፈለገም ቆንስላው በቀጥታ ለቀይ አፈር ደውሎ ይጠይቅ፤ ቤተሰብ ከደቡብ ኦሞ አዲስ አበባ ድረስ ወረቀት ይዞ እንዲመላለስ አይገደድ። ክፍያውም የእርሷ አይደለም። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ መሠረት ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ለሠራተኞቹ መብት የሚውል የገንዘብ ዋስትና ያስይዛል፤ ለአሠሪው ጥፋትም አብሮ ይጠየቃል። የተያዘ ፓስፖርት ምትክ ዋጋ ከዚያ ዋስትና ይቆረጥ፤ ደብተሩን የያዘው አሠሪ ስምም ከኢትዮጵያ ሌላ ሠራተኛ እንዳያስመጣ በቆንስላው መዝገብ ይያዝ።